ሁለቱ ለማንኳኳት፣ አንዱ ለመግባት

አባቴ ቁጥር ሲመታ ማኅተሙን በመዶሻው ሁለት ጊዜ ነካ ነካ ያደርግና ሦስተኛውን ያሳርፈዋል። ቲክ፣ ቲክ፣ ጧ! «ሁለቱ ለማንኳኳት፣ አንዱ ለመግባት» ይለን ነበር። «ብረትም እንደ ሰው ቤት ነው፤ ሳያንኳኩ አይገባም።» ወንድሜ ካዚስ ይህን ጠባይ ወረሰ። እኔ አልዶና አልወረስኩም። እኔ አንዴ ነው የማሳርፈው፤ በመዶሻም በምላስም።

የቤታችን ሥራ ምልክት መምታት ነው። ከናውጋተክ ወንዝ ራስጌ ያለው ፋብሪካ የጠመንጃና የሽጉጥ ካዝና ይሠራል፤ እኛ ሕጉ ያዘዘውን እንጽፍበታለን። ሕጉ ከአሥር ጥይት በላይ የሚጎርስ ካዝና ሁሉ፣ ከአዋጁ በኋላ የተሠራ ከሆነ፣ «ለሕግ አስከባሪና ለመንግሥት አገልግሎት ብቻ» የሚል የማይፋቅ ጽሑፍ ይኑረው፣ ከአዋጁ በኋላ መሠራቱም በግልጽ ይታወቅበት ይላል። ከአዋጁ በፊት የተሠራው ግን ምንም አይጻፍበትም፤ የፈለገ ይገዛዋል፣ የፈለገ ይሸጠዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው መንታ ናቸው። በአንድ ማሽን ተጣጥፈው፣ በአንድ ቀለም ተነክረው፣ አንዱ «በፊት» ነው፣ አንዱ «በኋላ»። የሚለያቸው የእኛ መዶሻ ብቻ ነው። ይህን ያወጡት የዋሽንግተን ሰዎች ምን በልተው እንዳደሩ አላውቅም፤ ለእኛ ግን መተዳደሪያ ሆነን።

ረጅሙን ጽሑፍ ማሽኑ ይጨርሰዋል። ወሩንና ዓመቱን ግን በእጅ እንመታለን። ካዚስ የሚመታው በአባታችን ማኅተሞች ነበር፤ ጫፋቸው ላይ ቁጥር የተቀረጸባቸው፣ ጣት ጣት የሚያህሉ፣ በቆዳ የተጠቀለሉ ብረቶች። ከነሱ ውስጥ ዘጠኝ የለም። በእኛ ሙያ ለዘጠኝ ብለህ ብረት አትገዛም፤ ስድስቱን ትገለብጠዋለህ፣ ዘጠኝ ይሆንልሃል። የአባቴ ስድስት ደግሞ ጭራው ጫፉ ላይ ተሸርፏል። ስድስት ሆኖ ቢመታ፣ ተገልብጦ ዘጠኝ ሆኖ ቢመታ፣ የትም አገር ባየው የኛ መሆኑን አውቀዋለሁ።

ካዚስን ውሃ ወሰደው። በዘጠና ሰባት፣ ሕጉ ከወጣ በኋላ በመጣው በሦስተኛው ጸደይ፣ በረዶው ቀልጦ ወንዙ የጓሯችንን አጥር ሲነካ፣ «ወጥቼ ልየው» ብሎ ወጣ፤ ይህን የነገረችን ሚስቱ ኢዳሊና ናት። አልተመለሰም። ያን ክረምት ዝምታ አብዝቶ ነበር፤ እኛ ጉንፋን ነው ስንል። ጠላቂዎች እስከ ባሕሩ አፍ ድረስ ፈለጉት፣ አላገኙትም። የአባቴ ማኅተሞችም ከሽርጡ ኪስ ተለይተው ስለማያውቁ አብረውት ሄዱ አልን። እኔም አዲስ ማኅተሞች ገዝቼ የእሱን ሥራ ተረከብኩ።

ኢዳሊና ግን ፍትሐት አይደረግም አለች። ከአሶሬስ ደሴቶች የመጣች ናት፤ ባሕር ሰው እንደሚመልስ ከእናቷ ጡት ጋር የጠባች ሴት። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ፣ እሷ የጎመን ሾርባዋን ስትቀዳ ለእሱም ማንኪያ ታስቀምጣለች። ጥቁር አትለብስ፣ ቀለም አትለብስ። እናቷ ከደሴቱ እየደወለች «ነይ ልጄ፣ ሳልሞት ልይሽ» ስትላት «ካዚስ ሲመጣ» ትላለች። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቁርጧን እንድታውቅ። ሞተም አልሞተም በምትለው መሐል ቆማ እየደረቀች ነበር፣ እኔም እሷን እያየሁ አብሬ ደረቅሁ።

በመስከረም ሄጄ ከአባ ሞንቴይሮ ጋር ተነጋገርኩ፤ ለጥቅምት መጨረሻ እሑድ ፍትሐቱን ቆረጥን። ለእሷ የነገርኳት በምሳ ሰዓት ነው።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለችኝ።

«እህቱ አይደለሁም? ሙት ወቃሽ አያርገኝና ካዚስ አንቺን ይህን ያህል አይጠብቅሽም ነበር።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሙት አትበይ።»

«አባባል ነው፣ የኔ እመቤት!»

«በአባባልም አትበይ፣ አልዶና።»

ብረቱ መሰማት የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ከቀትር በኋላ ማሽኑን አጥፍቼ ዳቦዬን በጨው ዓሣ ስበላ፣ ከጓዳው፣ ካዚስ ይሠራበት ከነበረው ክፍል፣ ቲክ፣ ቲክ አለ። ዳቦው አፌ ውስጥ ቆመ። ሦስተኛውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ፤ የካዚስ ጠረጴዛ፣ ብረት ጨብጦ የሚይዘው ሞርሳው፣ አቧራው። ማንም የለም። የማሞቂያው ቧንቧ ነው ብዬ ራሴን ሰደብኩ። በማግስቱ ደግሞ ቲክ፣ ቲክ። ቧንቧ ሁለት ብቻ ቆጥሮ የሚያቆመው ከየትኛው ትምህርት ቤት ተምሮ ነው? ሦስተኛውን መጠበቅ ከመስማቱ የበለጠ ያስፈራ ነበር። ለኢዳሊና አልነገርኳት። «እሱ ነው» እንዳትለኝ ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ልል ምንም አልቀረኝም።

ፍትሐቱ ሳምንት ሲቀረው የፖሊሱ መሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሳጅን ቱሂ አንድ ሣጥን ካዝና ተሸክሞ መጣ። ሕፃን ሆኖ አፍንጫውን የጠረግኩለት ልጅ ነው፤ አሁን ሆዱ ከበሩ ቀድሞ ይገባል።

«ሚስ አልዶና፣ አዲሱ ቀለም ቀቢያችን ጉድ ሠራን» አለ። «አጥብቆ ቀባውና የእርስዎ ጽሑፍ ታች ተቀበረ። የማይነበብ ጽሑፍ ደግሞ እንዳልተጻፈ ነው ይላል ሕጉ።»

«ቀቢውን ማን ቀጠረው?»

«የአለቃው የእህት ልጅ ነው።»

«ታዲያ አለቃው ይፋቀው!»

«እሱ መፋቅ የሚችለው የእኛን ደመወዝ ነው» ብሎ ሳቀና ሣጥኑን ትቶ ሄደ።

ቀለም መፋቅ የኢዳሊና ሥራ ነው። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ እየነከረች፣ በጨርቅ እያሸች፣ አንድ በአንድ ትደረድራለች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እሠራለሁ። በሆነ ሰዓት የጨርቁ ድምፅ መቆሙን ሰማሁ። ስዞር አንድ ካዝና በሁለት እጇ ይዛለች፤ ፊቷ ላይ ደም የለም።

«ነይ እዪ» አለችኝ።

ከጽሑፉ ሥር ወርና ዓመት አለ። 6 99። ሦስቱም ቁጥር ጭራው ጫፉ ላይ ተሸርፏል።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ካዚስ ዘጠና ዘጠኝን አላየም። ያኔ ውሃ ከወሰደው ቆይቷል፤ ማኅተሙም ከእሱ ጋር ወንዝ ውስጥ ነው። ይኸው ደግሞ በዘጠና ዘጠኝ፣ በስድስተኛው ወር፣ የአባቴ ብረት መትቶ ቆሟል።

«በሕይወት አለ» አለች ኢዳሊና። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «የሆነ ቦታ እየሠራ ነው፣ አልዶና። ፍትሐቱ ይቅር። በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አይደረግም።»

እኔ ብርድ ብርድ እያለኝ ቁጥሩን አገላብጬ አየሁት። ሳገላብጠው ነው ነገሩ የበራልኝ። አእምሮዬ ሲጨንቀው ይሠራል።

«ቆይ! ስድስት፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ። ስድስተኛው ወር ነው፣ አይደል? ካዚስ መጀመሪያ ስድስቱን መታ። ገለበጠና ዘጠኙን መታ። ከዚያ ለዘጠና ስድስት እንደገና መገልበጥ ነበረበት፣ ረሳው! ዘጠና ስድስትን ሊጽፍ ዘጠና ዘጠኝ ጻፈ። በዘጠና ስድስት ደግሞ እዚህችው ቆሞ ነበር፣ በሕይወቱ፣ ሾርባሽን እየጠጣ።»

«ካዚስ አይረሳም።»

«አባታችን እንኳ ሁለቴ ረስቷል! በዚህ ሙያ አንድ ቀን ስድስቱን ሳይገለብጠው ያልቀረ ሰው የለም።» አዲሱን ስድስቴን አንሥቼ በቁራጭ ቆርቆሮ ላይ መትቼ አሳየኋት፤ አንዴ ገልብጬ፣ አንዴ ሳልገለብጥ። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አየቻቸው። ብዙ አየቻቸው።

«አንቺ ሞቶ ካልሆነ አታርፊም» አለች በመጨረሻ።

«እኔ አንቺን ነው የማስበው!»

«እሺ» አለች። «እሺ፣ እሑድ ይሁን።» ጨርቋን አነሣችና ማሸት ጀመረች። አሸነፍኩ። ግን ደስ አላለኝም።

ቅዳሜ ረፋድ ቱሂ ሣጥኑን ሊወስድ መጣ። ኢዳሊና ፎቅ ላይ፣ መኖሪያችን ውስጥ፣ ለነገው ጥቁር ልብሷን ትተኩስ ነበር። ያቺን ካዝና ለይቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫታለሁ። ለሰውየው እውነቱን ልነግረው አስቤያለሁ፤ የተሳሳተ ዓመት ያለበትን ካዝና ለመንግሥት መመለስ ራስን ማሳሰር ነው።

«ይቺ አንዷ ዓመቷ ተሳስቷል፣ ሌላ እተካልሃለሁ» አልኩት።

አነሣት፣ ገለበጣት፣ ታችዋን አየ። «ይቺማ የእኛ አይደለችም።»

«ከሣጥንህ ነው የወጣችው።»

«ሚስ አልዶና፣ ክዳኗን ይዩት እንጂ። ይህ ጥርስ ያለው የታች ክዳን ፋብሪካው ዘንድሮ በጋ ያወጣው አይደለም? እኛ ገና አልደረሰንም። የኛዎቹ ሁሉ ለስላሳ ናቸው።»

እውነቱን ነው። ቁጥሩን እንጂ ካዝናውን አላየሁትም ነበር። ዘንድሮ የተሠራ ካዝና እንዴት አድርጎ በዘጠና ስድስት ይመታል? በዘጠና ዘጠኝስ ቢሆን እንዴት ይመታል? ከእጁ ልቀበለው ስል የቁጥሩ ጠርዝ አውራ ጣቴን ላጠኝ፣ ደም ወጣ። ብረት ሲመታ ከዳር ዳሩ ቀጭን ከንፈር ያወጣል፤ ኪስና እጅ ሲያሸው ያ ከንፈር ይሟልጣል። የዚህ ከንፈር ገና ምላጭ ነው። ከተመታ ሳምንት አልሞላውም።

«አመመዎት?» አለ ቱሂ። «ፊትዎ ተለወጠ።»

«ሂድ» አልኩት። «ሂድ ሣጥንህን ይዘህ፣ የኔ ልጅ።»

ሲወጣ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። ያን ጊዜ ከጓዳው ቲክ፣ ቲክ አለ። ሮጬ ልወጣ ነበር። ግን ወንድሜ ነው! ወንድሜ ከሆነ የምን መሮጥ ነው ብዬ የጓዳውን በር በትከሻዬ ገፋሁት። ጠረጴዛው ባዶ ነው። ብቻ ሞርሳው አፍ ላይ አቧራ የለም፤ ተጠርጓል፣ በቅርብ ጊዜ ተከፍቶ ተዘግቷል። ሙት ሞርሳ አይጠርግም። ይህን ሳይ ፍርሃቴ ወደ ንዴት ዞረ፣ ደረጃውን እየረገጥኩ ወደ ፎቅ ወጣሁ።

ኢዳሊና ጥቁር ልብሷን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ የተጠቀለለ ቆዳ አለ። አባቴ በእጁ የሰፋው ቆዳ።

«ከወንዝ አወጣሽው?» አልኳት። እንዲህ ዓይነት የቂል ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም።

«ወንዝ ገብቶ አያውቅም» አለች። «ያን ቀን ጠዋት ስነሣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሽርጡን አውልቆ፣ አጥፎ፣ አጥፎ፣ አራት ማዕዘን አድርጎ፣ ማኅተሞቹን ከላይ አስቀምጧል።»

ቆዳው ላይ ዓይኔን ተከልኩ።

«ወንዝ ሊያይ የሚወጣ ሰው ሽርጡን ያጥፋል፣ አልዶና?»

«ወጥቼ ልየው አለ አላልሽም?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። እሱ ምንም አላለም። ክረምቱን ሙሉ ምንም አላለም።» አላለቀሰችም። «እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። እየጠበቅሁት አልነበረም። ፍትሐት ከተደረገ ቄሱ በአደጋ የሞተው ካዚስ ይላሉ፣ እኔ ደግሞ አሜን ልል ነው። በቅዱስ ቁርባን ፊት እንዴት ብዬ? ባልል ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ። አንቺ እንድታውቂ አልፈለግሁም። ውሃ ወሰደው ብለሽ ማልቀስ ትችያለሽ፤ ወዶ ሄደ ብለሽ ግን አትችዪውም ብዬ ፈራሁልሽ። ለዚህ ነው ማንኪያ ያስቀመጥኩት። ለዚህ ነው እናቴን እንቢ ያልኳት።»

እኔ እሷን የማሳርፍ መስሎኝ ስሟገት፣ እሷ እነዚህን ዓመታት ሁሉ በእኔ ላይ ተደግፋ ሳይሆን እኔን ደግፋ ቆማ ነበር። የምይዘው አጣሁ፤ የበሩን መቃን ያዝኩ።

«እና ቀኑን ስትቆርጪ ጨነቀኝ» አለች። «ከመደርደሪያችን አንድ ካዝና አንሥቼ መታሁበትና ከቱሂ ሣጥን ቀላቀልኩት። በኋላ እንዲሆን። እሱ ከሄደ በኋላ። ሕጉ ራሱ የሚለው እሱን አይደል? በኋላ የተሠራ መሆኑ በግልጽ ይታወቅ። አንቺ ግን ገልብጠሽ በፊት አደረግሽው።»

መሬት ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ጭንቅላቴን ጉልበቷ ላይ አሳረፍኩ። በኋላ እንዲያው ሳላስበው «ለካ መዶሻሽን ስሰማ ነው የሰነበትኩት» አልኳት። «እሱ መስሎኝ ነፍሴ ወጥታ ነበር።»

«የምን መዶሻ?»

«ከጓዳው። ቲክ፣ ቲክ የምትዪው።»

እጇ ፀጉሬ ላይ ቆመ። «እኔ መዶሻ አልያዝኩም። እንዳትሰሚኝ ብዬ ሞርሳው ውስጥ ጨምቄ ነው ያተምኩት። ያውም አንድ ቀን ብቻ፣ አንቺ ገበያ ሄደሽ።»

ከታች፣ ከእግራችን ሥር ካለው ክፍል፣ ቲክ፣ ቲክ አለ።

ሁለታችንም ሰማን። አየኋት፣ አየችኝ። ሦስተኛውን ጠበቅን። የጎረቤት ውሻ ጮኸ፣ መኪና አለፈ፣ ሦስተኛው አልመጣም። እንዴት ይምጣ? ማንኳኳት በባዶ መዶሻም ይቻላል። ለመግባት ግን ማኅተም ያስፈልጋል፣ ማኅተሞቹ ደግሞ ኢዳሊና ጭን ላይ ናቸው።

«የሱን ዕቃ ይዘንበታል» አልኩ። ድምፄ የኔ አይመስልም ነበር።

ካፖርት ደርበን ወደ ወንዙ ድልድይ ወጣን። ፀሐይ ነበረ፤ ድልድዩ ላይ የትምህርት ቤት ባንድ ሊለማመድ ከበሮ ተሸክሞ ያልፋል፣ የምናውቃቸው ሰዎች የኢዳሊናን ጥቁር ልብስ አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁልን። እስኪያልፉ ጠብቀን መሐል ላይ ቆምን። ወንዙ ቡናማ ነው፣ ቸኩሏል።

ኢዳሊና ጥቅሉን ሰጠችኝ። «አንቺ እህቱ ነሽ።»

«አንቺ ሚስቱ ነሽ።»

«እኔ ሸኝቼዋለሁ» አለች። «ያልሸኘሽው አንቺ ነሽ።»

ቆዳው በእጄ ሞቅ ያለ ነበር፣ ከእሷ ጭን የወጣ ሙቀት። አባቴ የሰፋበትን ክር በጣቴ ዳሰስኩ። መወርወር አልቻልኩም፤ እጄን ዘርግቼ ብቻ ለቀቅሁት። ውሃ ላይ የሚወድቅ መስሎኝ ነበር። ከድልድዩ እግር ድንጋይ ላይ አረፈ።

ጧ!

ከዚያ ውሃው ወሰደው። ኢዳሊና አማተበች። እኔ የብረቱን አጥር እንደያዝኩ ቀረሁ።

እሑድ ማለዳ አባ ሞንቴይሮ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። በፍትሐቱ ላይ «በአደጋ» የሚለውን ቃል አላነሡም፤ «ወንዝ የተቀበለው አገልጋይህ ካዚስ» አሉ፣ ኢዳሊና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አሜን አለች። ማታ ለእናቷ ደውላ ስትስቅ ሰማኋት፤ ለገና እንደምትመጣ እየነገረቻት ነበር።

ሰኞ ሥራ ገባን። ከቀትር በኋላ ማሽኑን አጠፋሁ፣ ዳቦዬን ፈታሁ፣ ጆሮዬን ወደ ጓዳው ሰጠሁ። ጠበቅሁ። ለፍርሃቱ ተዘጋጅቼ፣ እጄ ላይ መዶሻ ይዤ፣ እስኪመሽ ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። ወንድሜ መሞቱን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ስንት ዓመት ቅበሩት ቅበሩት ስል የኖርኩት እኔ። ከዚያ የወጣኝን ጩኸት ጎረቤት ሁሉ ሰማው። ኢዳሊና እጇ በቀለም እንደራሰ መጣች፣ መዶሻውን ከእጄ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አጠገቤ ተቀመጠች።